ሲቆም የሚከብድ፣ ኮብልስቶን ላይ ቋ ቋ የሚል መሪ፦ ራክ ከመቀየር በፊት ምን ይታይ?

የሦስት ልጆች እናት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል የቤተሰብ ኤስዩቪ ነው፤ ቤንዚን፣ አውቶማቲክ፣ ጎማው 225/65 ባለ 17፣ የሄደው 186 ሺህ ኪሎ ሜትር። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

ጠዋት ሲነሳ ደህና ነው። ፒያሳ ላይ መቆሚያ ለማግኘት ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲባል ግን መሪው ድንገት ይከብዳል፤ አንዳንዴ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ የመሪ ምልክት ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ኮብልስቶን ላይ በቀስታ ሲኬድ ከፊት ቋ ቋ ይላል፣ ንዝረቱ መሪው ላይ በእጅ ይሰማል። በአዳማው ፈጣን መንገድ ከ90 እስከ 105 ሲደርስ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ሲያልፍ ይተዋል። ቀጥ ባለ መንገድም ትንሽ ወደ ቀኝ ይስባል።

ከጋራዥ የተሰጠኝ መልስ «ራኩ (የመሪውን ዙር ወደ ፊት ጎማዎች የሚያስተላልፈው፣ ከታች ያለው ክፍል) አልቋል፣ ሙሉው ይቀየር» የሚል ነው። ከመክፈሌ በፊት የምታውቁ ሰዎች ሐሳብ እንድትሰጡኝ ነው። የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያ ኮፈኑ ሥር የለውም።

---

ቁልፍ 17 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ ብዙ ነገር ትመልሳለች። ማጠራቀሚያ ከሌለው መሪው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ የቤተሰብ መኪናዎች፣ ለምሳሌ በሦስተኛው ትውልድ ራቭ 4፣ አጋዡ ሞተር ታች ራኩ ላይ አይደለም ያለው። ከዳሽቦርዱ ሥር፣ የመሪው ዘንግ ላይ ነው። አንገትሽን ዝቅ አድርገሽ ከፔዳሎቹ በላይ በባትሪ መብራት ብታዪ ዘንጉ ላይ በጎን የተገጠመ ክብ ሞተር ይታይሻል።

እዚያ ካለ ራኩ ውስጥ ዘይትም ሞተርም የለም። ጥርስ ያለው ዘንግ፣ ፒኒዮን (ዘንጉን ግራ ቀኝ የሚገፋው ትንሹ ጥርስ)፣ ቡሽና ግሪስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ራክ ሲያረጅ ይላላል፣ ይንኳኳል። ውሃ ገብቶበት ከዛገ ደግሞ ሁልጊዜ ይከብዳል እንጂ ጠዋት ቀሎ ፒያሳ ሲደርስ አይከብድም፤ መብራትም አያበራም። ስለዚህ ራኩን ቀይረሽ ብትመለሺ ክብደቱ እንዳለ ይጠብቅሻል።

የጋራዡ ስህተት አራቱን ምልክት የአንድ ዕቃ ጥፋት አድርጎ ማየቱ ነው። እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ ክብደቱና መብራቷ የኤሌክትሪክ፣ ኳኳታው የመገጣጠሚያ፣ ንቅጥቅጡ የጎማና የቸርኬ (ጎማው የሚገባበት ብረት)፣ መሳቡ የጎማ ንፋስ ወይም የአላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫና ማዕዘን)። እያንዳንዱ የራሱ መፈተሻ አለው፤ አብዛኛው ደግሞ ምንም ሳይፈታ ይታወቃል። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦ መጀመሪያ የጎማ ንፋስ፣ ከዚያ ባትሪ፣ ከዚያ በክሪክ አንስቶ ልቅነት መፈለግ፣ ከዚያ ባላንስ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን)። አላይመንት ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው፤ የላላ ዕቃ እያለ አላይመንት መሥራት ገንዘብ መጣል ነው።

---

ሽቦ ቤት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ቁልፍ 17 ባለው ላይ የኤሌክትሪኩን ልጨምር።

ይህ መሪውን የሚያግዘው ሞተር መኪናው ቆሞ መሪው ሲዞር ከ50 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ያን ሁሉ ከባትሪና ከዲናሞ ነው የሚያገኘው። ትራፊክ ላይ ቆመሽ ኤሲ፣ መብራትና የራዲያተሩ ፋን እየሠሩ፣ የመኪናው ሞተርም በዝቅተኛ ዙር እያለ መሪ ስታዞሪ ቮልቴጁ ይወርዳል። የመሪው ኮምፒውተር ቮልቴጅ ሲያንስበት ራሱን ለመጠበቅ ዕርዳታውን ይቀንሳል ወይም ይቆርጣል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከተማ መሀል መክበዱ ለዚህ ይስማማል።

መለኪያው ቀላል ነው፣ ማንኛውም መልቲሜትር ይበቃል። መኪናው ሌሊቱን አድሮ፣ ሳይነሳ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ሊያሳይ ይገባል፤ 12.2 ከሆነ በግማሽ ገደማ ነው ያለው። ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4። ከዚያ ሁሉንም ዕቃ አብርተሽ አንድ ሰው መሪውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዞር ቁጥሩን እዪ፤ ከ13 በታች እየወረደ ከሆነ ዲናሞውን፣ ቺንጋውንና ገመዶቹን መጠርጠር ነው።

ሰው የሚረሳት ሌላ ልኬት አለች። አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ራስ ላይ (መያዣው ላይ ሳይሆን የእርሳሱ ራስ ላይ)፣ ሌላውን ቦዲው ላይ ቀለም የሌለው ቡሎን ላይ አድርጊ። መሪው ሲዞር ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ የመሬቱ ገመድ (ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደው) ችግር አለበት። አዲስ ባትሪ የገዛ ሰው ሁሉ ይህችን ሳይለካ ነው የሚገዛው፤ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የያዘ መያዣ እያለ ባትሪ መቀየር ዋጋ የለውም። በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ቫዝሊን ተቀብቶ ይታሰር።

የብልሽት ኮድ በማሽን ስታስነብቢ ተጠንቀቂ። በየሱቁ የሚሸጡት ትንንሽ ብሉቱዝ ማንበቢያዎች ብዙውን ጊዜ የሞተር ኮድ ብቻ ነው የሚያነቡት፤ «ኮድ የለውም» ቢሉሽ የመሪውን ኮምፒውተር አላናገሩትም ማለት ሊሆን ይችላል። የመሪ ኮዶች በ«ሲ» ነው የሚጀምሩት። በቶዮታ ከሲ1511 እስከ ሲ1514 ያሉት ወደ ቶርክ ሴንሰሩ (እጅ መሪውን የሚያዞርበትን ኃይል የሚለካው) ያመለክታሉ፤ ሲ1515 ደግሞ የሴንሰሩ ዜሮ ነጥብ አልተስተካከለም የሚል ነው። ሁለተኛው ምንም ዕቃ አይፈልግም፣ በማሽን ማስተካከል ብቻ ነው።

አንድ ሌላ፦ መሪውን ብዙ ጊዜ ከዳር ዳር ካመላለስሽ አጋዡ ሞተር ይሞቅና ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ዕርዳታውን ይቀንሳል። ብልሽት አይደለም፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ሲያርፍ ይመለሳል። ጎማው ቆሞ እያለ አታዙሪ፣ መኪናው ትንሽ እየተንቀሳቀሰ ይዙር።

---

የጎማ ቁጠባው ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እትዬ እንደምን አደሩ። ንቅጥቅጡንና መሳቡን እኔ ልመልስልዎ።

በተወሰነ ፍጥነት መጥቶ በተወሰነ ፍጥነት የሚሄድ ንቅጥቅጥ የባላንስ ነው። መሪው ላይ ከተሰማ ከፊት ጎማ፣ መቀመጫው ላይ ከተሰማ ከኋላ ነው። ፍሬን ሲይዙ ብቻ ከሆነ ግን የፍሬን ዲስክ ነው እንጂ የእኛ ሥራ አይደለም።

በዚህ ክረምት የማየው ትልቁ ምክንያት ጭቃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው በቸርኬው የውስጥ በኩል ይገባና ይደርቃል። ከውጭ መኪናው ታጥቦ ያበራል፣ ውስጡ ግን አንድ እፍኝ የደረቀ ጭቃ በአንድ ጎን ተለጥፏል። ባላንስ ከመሠራቱ በፊት ጎማው ወርዶ የውስጡ ጠርዝ በብሩሽ ይታጠብ፤ አሮጌዎቹ እርሳሶች (ቸርኬው ላይ የሚለጠፉት ማመጣጠኛ ክብደቶች) በሙሉ ይነቀሉ። በአሮጌው ላይ አዲስ እየደረበ የሚለጥፍ ካዩ ያስቁሙት። ማሽኑ የጠየቀው እርሳስ ከተለጠፈ በኋላ ጎማው እንደገና ይሽከርከር፤ በሁለቱም በኩል ዜሮ ማሳየት አለበት። ብዙ ሰው ይህችን ሁለተኛ ማሽከርከር ሳያይ ሂሳብ ከፍሎ ይሄዳል።

ማሽኑ ከ60 ግራም በላይ ከጠየቀ እርሳስ ከማከማቸት በፊት ጎማው ቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር ዞሮ ይሞከር። እሱም ካልቀነሰው ቸርኬው ተጣሟል። ማሽኑ ላይ ሲሽከርከር ጠርዙ አጠገብ እስክሪብቶ አስጠግተው ይዩ፤ ክፍተቱ ሲሰፋና ሲጠብ በዓይን ከታየ ጉድጓድ ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ መትቶታል።

ቸርኬው የመኪናው ካልሆነ ደግሞ የመሀል ቀዳዳውን ያስለኩ። ራቭ 4 ለምሳሌ 60.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከውጭ የተገዛ ቸርኬ ብዙ ጊዜ 73.1 ስለሚሆን መሀሉ ላይ የምትገባ ቀለበት ያስፈልገዋል። ቀለበቷ ከሌለች ቸርኬው በዳዶዎቹ ብቻ ነው የሚቆመው፤ ማሽን ላይ ዜሮ የሆነ ጎማ መኪናው ላይ ሲገባ ይንቀጠቀጣል። ዳዶዎቹም በኮከብ ቅርጽ እየተሻገሩ፣ በመጨረሻ በቶርክ ቁልፍ ይጠበቁ፤ ራቭ 4 103 ኒውተን ሜትር ነው። በአየር ሽጉጥ ብቻ ደግድጎ መልቀቅ ዲስኩንም ያጣምማል።

መሳቡን በተመለከተ፦ ንፋሱን ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት ያስለኩ፤ ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ተለጣፊ ነው። የቀኙ ጎማ ካነሰ መኪናው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ መሪውም ይከብዳል። መንገዱ ራሱ ውሃ እንዲወርድ ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ፣ በቀኝ ስለምንነዳም፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ማዘንበል የሁሉም መኪና ነው። ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ ይሞክሩት። ከዚያም ካለ የፊት ሁለቱን ጎማ ግራና ቀኝ ያቀያይሩ (የአቅጣጫ ቀስት ከሌለው)። አሁን ወደ ግራ ከሳበ ጥፋቱ የጎማው ነው፣ አላይመንት አያድነውም።

---

ብራቾ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ኳኳታው ለኔ። መኪናውን ከመሬት ሳታነሺ ድምፁን ሁለት ቦታ መክፈል ይቻላል።

አንደኛ፣ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ አንድ ሰው መሪውን ከመሀል ግራ ቀኝ በጣም ትንሽ፣ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ቶሎ ቶሎ ያነቃንቀው። ቋ የሚለው አሁንም ካለ የመሪው መስመር ላይ ነው፦ መካከለኛው ዘንግ (መሪውን ከራኩ ጋር የሚያገናኘው)፣ ራኩ፣ ወይም ቴስቲናዎቹ (ከራኩ የሚመጣውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያይዙት ባለ ኳስ ጫፎች)። ሲነቃነቅ ጸጥ ካለና ጉብታ ላይ ብቻ ከሆነ የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው እንዳያዘነብል የሚይዘውን ዘንግ የሚያገናኝ አጭር ብረት)፣ የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው መቀመጫ፣ ወይም የብራቾው (ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ) ጎሚኒ ነው።

ሁለተኛ፣ ሌላው ሰው እያነቃነቀ እጅሽን በየመገጣጠሚያው አስቀምጪ። ጆሮ ያታልላል፣ ብረት ድምፅን ከቦታው አርቆ ይወስዳል፤ እጅ ግን አይሳሳትም። የላላው መገጣጠሚያ ላይ «ጠቅ» የምትል ነገር ጣትሽ ላይ ትመታለች። መጀመሪያ ከፔዳሎቹ በላይ ያለውን መካከለኛ ዘንግ ያዢ፤ ሁለት መስቀለኛ መገጣጠሚያና አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ክፍል አለው። በዚህ ዕድሜ ባሉ መኪናዎች ኮብልስቶን ላይ በእጅ የሚሰማ ኳኳታ ከራክ ይልቅ ከዚህ ዘንግ የመምጣቱ ነገር ሰፊ ነው።

ከዚያ ፊቱ በክሪክ ይነሳ፣ መደገፊያ ይግባበት፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም እጁን አያስገባ። ጎማውን በሰዓት 3ና 9 ላይ ይዘሽ ግፊና ሳቢ፤ ጨዋታ ካለው ቴስቲና ወይም ከራኩ ወደ ቴስቲናው የሚመጣው የውስጠኛው ዘንግ ነው። በ12ና በ6 ላይ ይዘሽ ከተነቃነቀ የታችኛው ቦል ጆይንት (ብራቾው ጫፍ ላይ ያለው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ወይም የጎማው ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ሲረገጥ ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንት። ቦል ጆይንት ከሆነ መኪናው ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነዳ። ሲለቅ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፣ ያኔ የሚይዝ መሪ የለም።

የስታቢላይዘር ሊንክ ለመፈተን ሁለቱንም ከአንድ ጫፍ ፍቺና በገመድ አስረሽ፣ ሰፈር ውስጥ ኮብል ላይ 200 ሜትር በቀስታ ነድተሽ አዳምጪ። ድምፁ ከጠፋ አገኘሽው። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየሩ።

---

ሰፊ መንገድ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ራኩ ሥር ማጥበቂያ ዳዶ አለች፤ ሩብ ዙር ሲጠብቋት ኳኳታው ይጠፋል። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ለምን ዕቃ ይገዛል?

---

ቁልፍ 17 | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ወንድሜ፣ እባክህ ይህን ለሰው አትምከር። ያቺ ዳዶ ራኩን ከፒኒዮኑ ጋር የሚያስጠጋውን መቀመጫ ነው የምትገፋው። ራክ የሚበላው ብዙ በሚሠራበት መሀሉ ላይ ነው፤ ዳሮቹ አዲስ እንደሆኑ ናቸው። መሀሉ እስኪስተካከል ስታጠብቃት ዳር ላይ ይይዛል። ከኩርባ ስትወጣ መሪው በራሱ መመለሱን ያቆማል። ከቴዎድሮስ አደባባይ በቸርችል ቁልቁል እየወረድክ መሪው ዞሮ ቢቀር ምን እንደሚሆን አስበው። ኳኳታው ጠፍቶ አደጋው ነው የሚመጣው። የሚነካት ሰው ፒኒዮኑን የሚያዞረውን ኃይል መለኪያ ያለውና የመኪናውን ቁጥር የሚያውቅ ብቻ ነው።

መሪ ከዞረ በኋላ ካልተመለሰ በነገራችን ላይ ሌላም ምክንያት አለ፦ የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው ኩሽኔታ ሲደርቅ። እጅን ሞላው ላይ አድርጎ መሪ ሲዞር ሞላው ተወጥሮ ድንገት «ድዋ» ብሎ ከተለቀቀ እሱ ነው።

---

ዘይቱ አረፋ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

የኔ መኪና መሪ በዘይት የሚታገዝ ነው፤ ፓምፕና ቺንጋ ያለው። ጠዋት የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ወደ አንድ በኩል ይከብዳል፣ ሲሞቅ ይቀላል። ዳር ላይ ሲደርስ ያቃስታል። ዘይቱ ጠቁሯል።

---

ብራቾ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡10

ወደ አንድ በኩል ብቻ፣ ሲቀዘቅዝ ብቻ ከሆነ የራኩ ቫልቭ ውስጥ ያሉት ቀለበቶች ቤታቸውን በልተዋል። ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ በጎን ያመልጣል፣ ቀለበቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ይይዛል። በአንተ ጉዳይ ራኩ በእርግጥ የሚጠረጠር ነው። ግን መጀመሪያ ዘይቱን ቀይር፣ አንዳንዴ ያረዝመዋል።

መደባለቅ ክልክል ነው፤ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ዴክስሮን 2 ወይም 3፣ ይቀበላሉ። ሆንዳ የራሱን ይፈልጋል። የፍሬን ዘይት በስህተት ከገባ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች (ሲሎች) ሁሉ ያሳብጣል፣ ከዚያ ፓምፑም ራኩም ይሄዳሉ።

አቀያየሩ፦ ከፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅ ገዝተህ ቀጭን ቱቦ ሰካበት፣ ከማጠራቀሚያው የሚወጣውን ያህል ሳብ፣ አዲስ ሙላ፣ ሞተሩን አስነስተህ መሪውን ከዳር ዳር አምስት ጊዜ አዙር፣ አጥፋ፣ እንደገና ሳብ። ቀለሙ እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል፤ አንድ ሊትር ከግማሽ ያህል ይዘህ ጀምር። ዳር ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ አትያዘው፣ ፓምፑ ሙሉ ግፊት ላይ ይቆያል። አረፋ ከታየ አየር ገብቷል፤ የፊቱን ጎማዎች አንስተህ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀስ እያልክ ሃያ ጊዜ ያህል ከዳር ዳር አዙር፣ ዘይቱ ሲወርድ ሙላ።

በመጨረሻ የራኩን የጎማ ቡት (መሸፈኛውን) በሁለቱም በኩል ጨመቅ ጨመቅ አድርግ። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ የራኩ ውስጠኛ ሲል አልቋል፣ ዘይት መቀየር አያቆመውም።

---

ሶማሌ ተራ 3ኛ በር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ። እህታችን መኪናዋ መሪው የዞረ መሆን አለመሆኑን ትወቅ። ከጃፓን በቀኝ መሪ ተሠርተው፣ ዱባይ ላይ ወደ ግራ ዞረው የገቡ ብዙ መኪናዎች አሉ። መለያው ቀላል ነው፦ የሻንሲ ቁጥሩ 17 ሆሄና አኃዝ ሳይሆን አጭር፣ መሀሉ ላይ ሰረዝ ያለው ከሆነ (ለምሳሌ ኤሲኤ31 ብሎ ሰረዝ) ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው። የዝናብ መጥረጊያዎቹ በቀኝ ለተቀመጠ ሾፌር በሚመች አቅጣጫ ነው የሚጠርጉት። ኮፈኑ ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ የፍሬኑ ዋና ፓምፕ የነበረበት ቀዳዳ በላሜራ ተደፍኖ ይታያል።

ይህ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ በሻንሲ ቁጥር ዕቃ ብታዢ የቀኝ መሪ ራክና ዘንግ ነው የሚመጣልሽ። አሮጌው ዕቃ ተፈትቶ በእጅ ተይዞ ነው የሚገዛው። ሁለተኛ፣ ሥራው ጥሩ ካልነበረ መካከለኛው ዘንግ በማይሆን ማዕዘን ይቆማል፣ መሪው ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ጠጠር ይላል፣ አዲስ ዘንግም ቶሎ ይበላል።

ዕቃ ስትገዢ ቴስቲና ከሆነ ኳሷን በእጅ አወዛውዢ፤ አዲስ ጥሩ ቴስቲና ጠጠር ብላ፣ እኩል ነው የምትንቀሳቀሰው። እንደ ልብ የምትወዛወዝ ወይም አንድ ቦታ ላይ የምትይዝ ከሆነች ማሸጊያው ምንም ቢያምር መልሺያት። የተፈታ ራክ የሚገዛ ሰው ደግሞ ፒኒዮኑን በእጁ ከዳር ዳር ያዙር፣ ከመሀል ወደ ሁለቱ ዳር ዙሩ እኩል ይሁን፣ ቡቱን ገልጦ ዘንጉ ላይ የዝገት ነጥብ ይፈልግ። ዋጋ አልጽፍም፣ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከቆመ ወዲህ ያለንን መኪና ነው የምንጠብቀው፤ ዕቃ ላይ አትቸኩሉ።

---

የሦስት ልጆች እናት | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡45

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዝርዝራችሁ መሠረት የተገኘው ይሄ ነው፦

የጎማ ንፋስ፣ የፊት ግራ 31፣ የፊት ቀኝ 24። ባትሪው አድሮ 12.5፣ ተነስቶ 14.1። መሪ ሲዞር ከባትሪው ነጌቲቭ ራስ እስከ ቦዲው 0.6 ቮልት አሳየ። የመሬቱ ገመድ ቦዲው ላይ የሚታሰርበት ቡሎን ዝጎ ነበር፤ ተፍቆ ከታሰረ በኋላ 0.1። ከዚያ ወዲህ መብራቷ አልበራችም፣ ሲቆምም አልከበደም።

የቀኝ ፊት ቸርኬ ውስጡ በጭቃ የተሞላ ነበር፤ ታጥቦ ባላንስ ሲሠራ 20 ግራም ብቻ ጠየቀ። በ3ና 9 ላይ የቀኙ ጎማ ጨዋታ አለው፣ ውጭኛዋ ቴስቲና ናት። ሊንኮቹ ተፈትተው ሲሞከር ኳኳታው አልጠፋም። መሪ ሲነቃነቅ መካከለኛው ዘንግ ታችኛው መገጣጠሚያ ላይ ጠቅ ትላለች። ራኩ ላይ በእጅ ምንም አይሰማም። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ነው፣ መሪው የዞረ አይደለም።

ቴስቲናዋንና ዘንጉን የሚሠራው ሰው ምን እንዲጠነቀቅ ልንገረው?

---

ቁልፍ 17 | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡30

በጣም ጥሩ ሥራ ነው እህቴ። አሁን ለሠራተኛው እነዚህን ንገሪው።

ዘንጉን ሲፈታ፦ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ የባትሪው ነጌቲቭ ተፈትቶ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቅ፣ ኤርባግ አለ። መሪውን በመቀመጫ ቀበቶ ወይም በገመድ ይሰር። ዘንጉ ከራኩ ከተለየ በኋላ መሪው ለብቻው ብዙ ዙር ከዞረ ከኤርባጉ ጋር የምትገናኘው ጥቅልል ሽቦ ትበጠሳለች፤ ከዚያ ኤርባግም ጡሩምባም ይቆማል። ከመፍታቱ በፊት ዘንጉና ፒኒዮኑ ላይ አንድ የቀለም መስመር ያስምር፣ ሲመልስ መስመሩ ይግጠም። አንድ ጥርስ ቢስት መሪው ጠማማ ይቆማል፣ አላይመንት የሚሠራው ሰው ደግሞ በቴስቲና ሊያስተካክለው ሲሞክር ዳርና ዳር የሚዞረው እኩል አይሆንም። «ግሪስ ልቀባውና ይለፍ» ቢልሽ እምቢ በይው፤ የበላ መስቀለኛ መገጣጠሚያ በግሪስ ጥቂት ሳምንት ዝም ይልና ይመለሳል።

ቴስቲናዋን ሲፈታ፦ የመቆለፊያዋን ዳዶ ሩብ ዙር ብቻ ፈታ አድርጎ፣ ቴስቲናዋ ስትወጣ ስንት ዙር እንደዞረች ይቁጠር፣ አዲሷም በዚያው ቁጥር ትግባ። ኳሷን ለማላቀቅ ጥርሱን በመዶሻ አይምታ፤ መጎተቻ ይጠቀም፣ ከሌለው የተሸከማትን ብረት ጎን ይምታ። ዳዶዋ በልኳ ከጠበቀች በኋላ የፒኗ ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ፊት ጨምሮ ያጥብቅ፣ ለመግጠም ብሎ ወደ ኋላ አያላላ። ፒኗ አዲስ ትሁን።

---

ብራቾ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡05

የግራዋም ቴስቲና ተመሳሳይ ዕድሜ ናት፤ ዛሬ ጨዋታ ባይኖራትም ቡቷ ተሰንጥቆ እንደሆነ ያይ። ከተሰነጠቀ አብራ ትቀየር፣ አላይመንቱ ለሁለቱም አንዴ ይሠራል።

አላይመንቱ ላይ መሪው ቀጥ ብሎ በመያዣ ይታሰር፣ የጎማ ንፋስ ሁሉም በልኩ ይሁን። ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ወረቀት አስትመሽ ውሰጂ። ካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው ዝንባሌ) እና ካስተር (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ያለው ዝንባሌ) በግራና በቀኝ ያላቸው ልዩነት ከ45 ደቂቃ (ከሦስት ሩብ ዲግሪ) ከበለጠ ቶ (ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየታቸው) ብቻ አስተካክሎ መልቀቅ መሳቡን አያጠፋም፤ የሆነ ነገር ተጣሟል፣ ይፈለግ።

---

ሽቦ ቤት | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡20

ዘንጉ ተፈትቶ ስለሚገባ ከአላይመንቱ በኋላ የቶርክ ሴንሰሩ ዜሮ ነጥብ በማሽን ይስተካከል። መኪናው ቆሞ፣ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ ማንም እጁን መሪው ላይ ሳያደርግ ነው የሚሠራው። እጅ ከነካው ያንን ግፊት ዜሮ አድርጎ ይይዘዋል፣ ከዚያ መሪው ራሱ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ ሰው ደግሞ አላይመንት ነው እያለ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። የአላይመንት ወረቀቱን ስታገኚ የፊት ቶና የካስተር ቁጥሮቹን እዚሁ ጻፊልን፣ አብረን እናያቸዋለን።